ዋንዛው ይቆረጥ፣ ችግኝ ልንተክል ነው

ባለፈው እሑድ ሰፈራችን ችግኝ ተተከለ። ለድንኳኑ ቦታ ስለጠበበ ዋንዛው ተቆረጠ።

አትሳቁ፣ ታስቦበት ነው። ያ ሁሉ ሰው ስለ ጥላ ጥቅም ንግግር ሲሰማ ፀሐይ ሊመታው ነው እንዴ? አንድ ሽማግሌ «ዋንዛውም እኮ ጥላ ነበረው» ለማለት ሞከሩ። «አባባ፣ የዛፍ ጥላ ፎቶ ያጠቁራል» ተባሉ። መጋዙ ጠዋት 1 ሰዓት ጀምሮ 2 ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጉቶው ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አደረጉበትና የታሸገ ውሃ ደረደሩበት።

ከተካዮቹ ሁሉ የማደንቀው ባለ ጓንቱን ነው። ጉድጓዱን ሌላ ሰው ቆፍሮለታል። ችግኙን ሌላ ሰው ይዞለታል። የሱ ሥራ ቁጢጥ ማለት ነው። ቁጢጥ ብሎ ካሜራውን ያያል። «አልወጣም» ይባላል። ችግኙ ይነቀላል፣ እንደገና ይተከላል። አሁን ደግሞ የቲሸርቱ ጽሑፍ ተሸፍኗል። ይነቀላል። ቀጥሎ ከጎኑ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኗል። ይነቀላል። በአራተኛው ፎቶው አማረ። ችግኙ ግን ከነፕላስቲኩ ነው የተቀበረው። ቢሆንስ? ዛፉ ባይቆይ ፕላስቲኩ ይቆያል። ጉድጓዱም ታማኝ ነው፤ ዐምናም ካቻምናም የተተከለው እዚያው ላይ ነው። በአንድ ጉድጓድ ይህን ያህል ዛፍ የተከለ አገር ካለ አሳዩኝ።

ችግኙ ምን መሰላችሁ? ግራቪሊያ። እንደ ባሕር ዛፍ እሱም የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው። ባሕር ዛፍ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ማገዶና ማገር ሆኖናል፣ ይህን አልክድም። ቶሎም ያድጋል። ኮሶና ዝግባን ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? ኮሶ እንኳ ለዘመናት የጥሬ ሥጋችንን መዘዝ ሲያወርድልን ኖሯል። ውለታውን ጣውላ አድርገን ከፈልነው።

አፋር ላይ በረሃውን ይገታል ተብሎ ከባሕር ማዶ የመጣው ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍም ግጦሹን ውጦታል። ፍየሏ ፍሬውን ትበላና በየደረሰችበት ከበጠጧ ጋር ትዘራዋለች። የሷ ይጸድቃል። ፎቶም አትነሳ።

ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ የዕፅዋት ዝርያ ያለን ሰዎች ነን። ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሌላ የትም አይገኝም። የሰሜኑ ደጋ ጫካ ምን ይመስል እንደነበር ማየት የፈለገ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይገባል። ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፤ ከቅጥሩ ወጣ ሲል እርሻ ብቻ። እኛ ደግሞ የተረፈንን አንድ ዋንዛ፣ ልጆቻችን ፍሬውን እየለቀሙ ያደጉበትን ዋንዛ፣ ለሁለት ሰዓት ድንኳን ብለን እንገነድሳለን። እንዴት ነው የማናፍረው?

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ዝግጅቱ በሰላም ተጠናቋል። ባለ ጓንቱም ማታውን ፎቶውን ለጥፎ ላይኩ ጎርፎለታል። ፎቶው ጥግ ላይ የዋንዛው ግንድ አይሱዙ ላይ ሲጫን ይታያል። ከሥር አንድ ሰው አስተያየት ጽፏል፦ «ወንድም፣ ግንዱ ይሸጣል? ለበር ፈልጌው ነበር።»