ጀይላኒን ለመንቀፍ መጀመሪያ ኪታባቸውን ክፈቱ

ሰሞኑን በዩቲዩብ ሲዘዋወር የከረመውን ውይይት ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። እንግዳ ሆኖ የቀረበው ወጣት ኡስታዝ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ስለኖሩት የሱፊ (መንፈሳዊ መንገድ) መሪ ስለ ሼህ አብዱልቃድር ጀይላኒ ተጠየቀ። ዒልም (የሃይማኖት እውቀት) የሌላቸው ደርዊሽ፣ ዓለምን ትቶ የሚዞር መናኝ ነበሩ አለ። መንገዳቸው ሰውን ከሥራና ከትምህርት አርቆ ጥግ ያስያዘ ነው አለ። በዚህም አላበቃም። ስማቸው እዚህ አገር የቆየው ቡና አፍልተው በሚሰበሰቡ አላዋቂ እናቶች ልማድ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። አቅራቢው አንድም ጥያቄ ሳያነሳ አሳለፈው። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ዒልም አልነበራቸውም? ጀይላኒ ከካስፒያን ባሕር ደቡብ ካለው ጊላን ተነስተው ባግዳድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1095 ነው። የ18 ዓመት ወጣት ነበሩ። ኢማሙ ገዛሊ ዝናቸውንና የማስተማሪያ ወንበራቸውን ትተው ከባግዳድ የወጡትም በዚያው ዓመት ነው። ጀይላኒ የመጡት ለመማር ነበር። ከአራቱ የሱኒ መዝሀቦች (የሕግ ትምህርት ቤቶች) አንዱ የሆነውን የሐንበሊን ፊቅህ፣ ማለትም የሃይማኖት ሕግ፣ ከኢብን ዐቂልና ከአቡ ሰዕድ አል-ሙኸሪሚ ዘንድ ቀሩ፤ ማለትም ኪታብ ይዘው ተማሩ። ሐዲስ ሰሙ። የአረብኛን ሥነ ጽሑፍ ከአት-ተብሪዚ ተማሩ። አደባባይ ወጥተው መምከር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1127 ነው። ባግዳድ ከገቡ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ዘመን ተምረው፣ ዝም ብለው፣ ነፍሳቸውን ታግለው ነው አፋቸውን የከፈቱት። ጥቂት ዓመት ቀርቶ ካሜራ ፊት የሚቀመጥ ሰው እኚህን ሰው "ዒልም የላቸውም" ሲል እንዴት አያፍርም?

የአስተማሪያቸው የአል-ሙኸሪሚ መድረሳም ለእሳቸው ነው የተላለፈው። ተስፋፍቶ ተሠራላቸው። እ.ኤ.አ. በ1166 እስኪሞቱ ድረስ እዚያ አስተማሩ፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው።

እሺ፣ እኔን አትመኑኝ። ተናጋሪው በዚያው ውይይት ላይ ደጋግሞ ማስረጃ ያደረጋቸውን ኢብን ተይሚያን እንጠይቅ። ኢብን ተይሚያ የተወለዱት ጀይላኒ ከሞቱ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1263 ነው። መዝሀባቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሐንበሊ ናቸው። ኢብን ተይሚያ የሱፊዮችን ስህተት ሲነቅፉ ማንንም የማይፈሩ ሰው ነበሩ። ይህን ሁሉም ያውቃል። እኚህ ሰው ታዲያ "ፉቱሑል ገይብ" የሚባለውን የጀይላኒን ኪታብ ይዘው ቁጭ አሉና ሸርሕ (ማብራሪያ) ጻፉለት። ሊያፈርሱት አልነበረም። ሊያብራሩትና ሊደግፉት ነበር። ጀይላኒን የአላህን ትእዛዝና ክልከላ አጥብቀው ከያዙ ታላላቅ ሼሆች ቆጠሯቸው። አንድ ዓሊም የመሃይምን ኪታብ ያብራራል? እንደ ኢብን ተይሚያ ያለ ሰው ጊዜውን ደርዊሽ ላይ ያጠፋል? ይህን ጥያቄ ተናጋሪው እንዲመልስልኝ እፈልጋለሁ። ሊመልሰው አይችልም።

ኢብን ቁዳማም አሉ። "አል-ሙግኒ" የተባለው የሐንበሊ ፊቅህ ትልቁ ኪታብ የእሳቸው ነው። ወጣት ሳሉ ባግዳድ ሲገቡ ያረፉት ጀይላኒ መድረሳ ውስጥ ነው። የሼሁ የመጨረሻ ሳምንታት ነበሩ። እዚያ ምን ቀሩ? የአል-ኺረቂን ሙኽተሰር፤ ፊቅህ ነው የቀሩት። በእርጅና የመጨረሻ ቀናቸው ላይ እንኳ ወጣት ደረሳ ፊቅህ የሚያስቀሩ ሰው ነበሩ ጀይላኒ። እሳቸውን ከዓሊሞች ተራ የሚያወጣ ሰው እነ ኢብን ቁዳማንም፣ እነ ኢብን ተይሚያንም አብሮ ያውጣ። ግማሹን ይዞ ግማሹን መጣል አይቻልም።

ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በተጻፉ የከራማ (የወሊዮች ተአምር) ኪታቦች የተጋነነ ነገር ገብቷል። ይህን አልክድም። ይህንንም የነገሩን እነዚያው የሐንበሊ ዑለማዎች ናቸው። ተራኪ ላጋነነው ግን ሼሁ አይከሰሱም።

ሰውን ከሥራ አርቀዋል የሚለውስ? ሱፊነትን ያስተማሯቸው ሐማድ አድ-ደባስ ሽሮፕ ሸጠው የሚያድሩ ሰው ነበሩ። "አል-ፈትሑር ረባኒ" ላይ የተሰበሰበው ምክራቸውም ለሰነፍ መደበቂያ አይሆንም። ሠርታችሁ ብሉ ይላሉ። በሱልጣን ደጅ የሚጠና ዓሊምን ይገስጻሉ። ለታይታ የሚዘህድን ያጋልጣሉ። ኸሊፋው አል-ሙቅተፊ ግፈኛ ቃዲ በሾመ ጊዜም በሚንበር ላይ ቆመው ፊት ለፊት እንደገሰጹት፣ ኸሊፋውም ቃዲውን እንደሻረ ይተረካል።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን የእናቶቹ ነገር ነው። በጀይላኒ ስም የሚጠራው የሱፊ መንገድ፣ የቃዲሪያ ጠሪቃ፣ ወደ ሐረር የገባው በአደኑ ወሊ በአቡበክር አል-ዐይደሩስ በኩል ነው ይባላል። ባሌ ድሬ ሼክ ሁሴን ግቢ ውስጥ በጀይላኒ ስም የቆመ ቁባ (ጉልላት ያለው መታሰቢያ) አለ። ወሎ ላይ የጀማ ንጉሡ ሼህ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ያስቀሩት በዚሁ ጠሪቃ ስር ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስ የጠሩት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ መጥቶ የወሎ ሙስሊም "ሃይማኖትህን ቀይር" ሲባል ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር እምቢ ብለው ተነሱ። እኚሁ ሼህ አማርኛን በአረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማ አስተማሩ። ኪታብ መቅራት ያልቻለ ገበሬና ፊደል ያልቆጠረች እናት ተውሒዱንም፣ የነቢዩንም ታሪክ፣ የጀይላኒንም ስም በዜማ ያዙት። እነዚያ ቡና አፍልተው የሚሰበሰቡ እናቶች ናቸው ሃይማኖቱን በዚያ ክፉ ዘመን ለልጆቻቸው ያስተላለፉት። ተናጋሪው ዛሬ "አሰላሙ ዐለይኩም" ብሎ ንግግሩን የሚከፍተው እነሱ ስለጠበቁለት ነው። የቃዲሪያ ሼሆችና እነዚያ እናቶች ባይኖሩ ወሎ ላይ እስልምና እንዲህ ሥር ባልሰደደ ነበር። በዚህ ማንም አያሳምነኝም።

በሀድራው (በዚክርና በመንዙማ ስብሰባው) ላይ ሊታረም የሚገባው ልማድ ካለ በስሙ ጠርቶ፣ በደሊል (በማስረጃ)፣ በአደብ ማረም ይቻላል። የወሎ ዓሊሞች ራሳቸው ሲያርሙ ኖረዋል። እናቶችን "አላዋቂ" ብሎ ሰድቦ ማረም ግን የለም።

አቅራቢውንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊቅህና ነሕው (የአረብኛ ሰዋስው) ሲያስቀሩ የኖሩ የቃዲሪያ ሼሆች ዛሬም ወሎ ውስጥ አሉ። አንዱን ይጋብዝ። ከዚያው ወጣት ኡስታዝ ጎን ያስቀምጣቸው። "ፉቱሑል ገይብ" ከነሸርሑ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ጀይላኒ ዒልም አልነበራቸውም የሚለው ንግግርም እዚያው፣ በተጋበዙት ሼህ ፊት ይደገም።