ለሞተር ማንኳኳት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የሞተር ማንኳኳት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በኮምቦልቻ–ደሴ ዳገት ላይ ስለሚያሰሙት ቀጭ ቀጭታ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከኮምቦልቻ ተነስተን ጠመዝማዛውን ዳገት ስንያያዝ፣ አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ የጫነችው መኪና በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጣት፣ እርስዎ ሳይጠሩ ከተፍ ይላሉ። ማርሽ ቢቀነስ እንደሚሸሹ እናውቃለን፤ ነገር ግን ወንድ ሾፌር ማርሽ ቀንሶ በረዳቱ ፊት እንዲዋረድ መጠበቅ አይገባም።

ሥራዎን ደግሞ እናውቀዋለን። ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሲሊንደሩን በሥርዓት ሊያዳርስ ሲገባው፣ ጥግ ይዞ ተራውን የሚጠብቀው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በግፊትና በሙቀት ብዛት እሳቱ ሳይደርስበት በራሱ ይቀጣጠላል፤ ድምፅዎ የሚሰማው ያ ድንገተኛ ግፊት የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲደልቀው ነው። ዝቅተኛ ኦክቴን (በራሱ ላለመቀጣጠል የመቋቋም አቅም) ያለው ቤንዚን፣ ከልክ በላይ የጋለ ሞተርና ፒስቶን ላይ የተጋገረ ጥቀርሻ የቅርብ ዘመዶችዎ ናቸው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ አየሯ ስለሳሳ እዚያ ሲደርሱ ይለሰልሳሉ፤ ወደ ባቲ ቆላ ስንወርድ ግን ጉልበትዎ ይመለሳል። የደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ አልተስማማዎትም መሰለኝ።

ለዚህም ሲባል ጆሮ ጠቢ ተመድቦብዎታል። ሞተር ብሎኩ ላይ በአንድ ቡሎን የታሰረው ይህ ትንሽ ሴንሰር፣ በሆዱ የያዘው ሴራሚክ በንዝረት ሲጨመቅ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የሞተሩን የዘወትር ጫጫታ ከእርስዎ ለመለየት፣ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ሲሊንደር ከተለኮሰ በኋላ ባለችው አጭር ቅጽበት፣ በአብዛኛው ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ያለውን ንዝረት ብቻ ያዳምጣል፤ ካገኘዎትም የካንዴላውን መለኮሻ ሰዓት በጥቂት ዲግሪ አዘግይቶ ዝም ያሰኝዎታል፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። ዳገቱ መሃል ጉልበት የሚያጥረን ስለዚህ ነው።

ዕድለኛ ነዎት፤ በእኛ ዘንድ ጥፋተኛው ሳይሆን ወሬ ነጋሪው ነው የሚባረረው። የሞተር መብራት በበራ ቁጥር መካኒኩ «አብሽር፣ ሴንሰሩ ነው» ብሎ ጤነኛውን ይፈታል፤ ያገለገለ ሌላ ያስገዛናል፤ ወደ 20 ኒውተን ሜትር የሚበቃውን ቡሎን በረጅም ቁልፍ ሲጢጥ እስኪል ያጠብቀዋል። እንዲህ የታሰረ ሴንሰር በትክክል ስለማይሰማ፣ እርስዎ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ በሙሉ ክብርዎ ይመለሳሉ፤ ቤንዚኑን፣ ራዲያተሩንና ጥቀርሻውን የጠየቀ ግን የለም።

እንግዲህ ፒስቶኑን ከመብሳትዎ በፊት የመልቀቂያ ቀንዎን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የዳገቱ ተመላላሽ

ግልባጭ፦
ለካንዴላ
ለራዲያተር
ያለጥፋቱ ለተፈታው ሴንሰር፣ ካለበት የዕቃ ሣጥን