የሰፈር ኪነጥበብ ከሰፈሩ ጋር አይፍረስ

ፈንድቃ ካዛንቺስ ውስጥ የነበረ ጠባብ አዝማሪ ቤት ነው። መላኩ በላይ በወጣትነቱ እዚያ እስክስታ እየወረደ፣ እንግዳ በሚሸልመው ገንዘብ ይኖር ነበር። ማታም እዚያው ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ራሱ ተረከበው። ቀስ በቀስም ግጥም የሚነበብበት፣ ሥዕል የሚሰቀልበት፣ አዝማሪና ጃዝ በአንድ መድረክ የሚገናኙበት የባህል ማዕከል አደረገው። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የካዛንቺስ መልሶ ማልማት ሲጀመር ፈንድቃም ቦታውን ለቀቀ።

ስለ ፈንድቃ ብዙ ተብሏል፤ የውጭ ጋዜጦችም ጽፈዋል። መላኩ ስም ያለው ሰው ነውና ድምፁ ይሰማል። እኔን የሚያሳስቡኝ ስም የሌላቸው ናቸው። በቀበሌ አዳራሽ ቴአትር የሚለማመዱ፣ በአንድ ሰው ጊቢ ውስጥ ሰርከስ የሚሠሩ፣ በሰው ሳሎን ግጥም የሚያነቡ ልጆች አሉ። ሰፈሩ ሲነሳ ቤተሰቡ ተቆጥሮ ምትክ ቤት ይሰጠዋል። ቡድኑን ግን ማን ይቆጥረዋል? አባላቱ አንዱ የካ፣ አንዱ አቃቂ፣ ሌላው ለሚ ኩራ ይደርሰዋል። በዚያው ይበተናሉ።

መንገድ ይስፋ፣ መብራት ይግባ፣ መጸዳጃ ይሠራ። የድሮዎቹ ሰፈሮች ኑሮ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። ሰው ወደ ዳር ሲዛወር ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ጤና ጣቢያ ይጠየቃል። ስለ መለማመጃ ቦታ ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ ታሪካችንን ይይ። ሀገር ፍቅር ሲጀመር ቴአትር ቤት አልነበረም። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማኅበር ነው። ሰው ተሰብስቦ ንግግር ይሰማል፣ ዘፈንና ሙዚቃ ይከተላል። በደርግ ዘመን ደግሞ ቀበሌዎች የኪነት ቡድን ነበራቸው። ዋና ሥራቸው የመንግሥትን መፈክር ማዜም ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ግን አዳራሹ ሰፈር ውስጥ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጎራ ይላል። ዛሬ የምናከብራቸው ብዙ ድምፃውያንና ተዋንያን አጀማመራቸውን ሲጠየቁ የሚጠሩት ያንን የቀበሌ ኪነት ነው።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው አዱኛን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ፣ መቶ ከሚያህሉ ጎዳና ላይ ከሚውሉና ከድሃ ቤተሰብ ከተገኙ ልጆች ጋር ትልቅ የዳንስ ትርኢት ሠራ። ከነዚያ መካከል የተመረጡት ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የተባለውን የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር ቡድን አቋቋሙ። ከጀርባቸው መንታ የወለዱ ችግረኛ እናቶችን የሚረዳው ጀሚኒ ትረስት ነበር። ልጆቹ ውጭ ሀገር መድረክ ላይ የሚታይ ዳንስ ተማሩ፤ የተማሩትን ግን መልሰው ለሰፈራቸው አዋሉት። አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን አሠለጠኑ። ፎረም ቴአትርም ይሠሩ ነበር።

ፎረም ቴአትር እንዲህ ነው። አጭር ድራማ ይታያል፤ መጨረሻው የሚያበሳጭ ነው። ከዚያ ድራማው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። አሁን ተመልካቹ ‹‹ቁም!›› ማለት ይችላል። መድረክ ላይ ወጥቶ የተበዳዩን ቦታ ይይዝና ሌላ መንገድ ይሞክራል። አልሆነም? ሌላ ሰው ይነሳል። አዱኛዎች ይህን ከፖሊሶች ጋር ሳይቀር ሠርተውታል። እስቲ አስቡት። ፖሊስ ሲያይ ይሮጥ የነበረ ልጅ፣ የጎዳና ልጅ እንዴት መያዝ እንዳለበት ለፖሊስ ሊያሳይ ይቆማል። በቴሌቪዥን የሚለቀቅ የትምህርት ፊልም ይህን አያደርግም። እዚህ ሰዎቹ ፊት ለፊት ናቸው፤ በማግስቱም መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ፍካት ሰርከስም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ በወጣቶች ተጀመረ። ከትርኢቱ ሌላ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ ሕፃናትን እየሄዱ ሲያጫውቱ ኖረዋል።

የገንዘቡ ጉዳይ ሌላ ጣጣ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክል ነበር። ታዲያ ስለ ሴት ልጅ ጠለፋ ድራማ መሥራት የመብት ሥራ ነው ወይስ የልማት? በ2011 ዓ.ም. አዋጁ ተለወጠ፤ ገደቡም ተነሳ። ጥሩ ነው። ግን በለጋሽ ገንዘብ ብቻ የቆመ ቡድን ፕሮጀክቱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። በፀረ ኤድስ ክበባት አይተነዋል። በየሰፈሩ ድራማ የሚያሳዩ ስንት ልጆች ነበሩ!

ስለዚህ ከከተማ አስተዳደሩ የምጠይቀው ቦታ ነው። አዲስ ሕንፃ ይገንባ አላልኩም። የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ላይ ኮሚናል የሚባለው የጋራ ቤት አለ። ለልቅሶ፣ ለድግስና ለእርድ ተብሎ የተሠራ ነው። ብዙ ቦታ ግን ተቆልፎ ይውላል ወይም ለንግድ ተከራይቷል። ወጣት ማዕከላትም አሉ፤ ብዙዎቹን ፑልና ኳስ ማሳያ ይዟቸዋል። ከነዚህ ውስጥ በሳምንት ጥቂት ሰዓት፣ በቋሚነት፣ ያለ ኪራይ ለሰፈሩ የኪነጥበብ ቡድኖች ይሰጥ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። የድራማው ጽሑፍ መጀመሪያ ለወረዳው ይቅረብ የሚል ቅድመ ሁኔታ መኖር የለበትም። ልጆቹ ስለ ውኃ ፈረቃ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ወረዳው ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሠሩስ? ይሥሩ። የወረዳው ሰዎችም መጥተው ይዩ፤ ካልተስማሙ ‹‹ቁም!›› ብለው መድረክ ላይ ይውጡ።

ጫጫታ የሚፈሩ ነዋሪዎች ይኖራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሰዓቱን ከነዋሪዎች ኮሚቴና ከእድሩ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ልቅሶ ያለ ቀን ልምምድ ይቀራል። ለጅምር ሁለት ሦስት ሳይት ይበቃል። ከካዛንቺስና ከፒያሳ የተነሱ ሰዎች ከገቡባቸው ይጀመር።