ሲትኮም ጣና ዳርም ይቀረጽ

ስለ ሲትኮም፣ ማለትም ስለ ተከታታይ አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ፣ የጻፉ አንድ ጸሐፊ በሲትኮም የምናያቸው የቤትና የሥራ ቦታ ገጠመኞች «ከልክ በላይ የተጋነኑ ናቸው» ብለዋል። በዚህ አልስማማም። የሲትኮም ጥበቡ እኮ ትንሿን ነገር ይዞ ማክረር ነው። ተመልካቹ ያወቀውን ገጸ ባሕሪው አያውቅም። ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፋና ቴሌቪዥን ላይ ይታይ የነበረው ሲትኮም «ምን ልታዘዝ» አንዲት ካፌ ውስጥ ሆኖ ስንቱን የአገር ጉዳይ አሳየን!

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ታሪኩ ሁሉ ለምን አዲስ አበባ ብቻ ይሆናል? እስኪ ባሕር ዳር መጥታችሁ ጣና ዳር አንዱ አሳ ቤት ቁጭ በሉ። ደንበኛው ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ጥብስ ያዛል። አስተናጋጁ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ይገባል። ማድ ቤት የቀረው ግን አምባዛ የሚባለው ሌላ አሳ ብቻ ነው። ሼፏ «ሄደህ ንገረው» ትላለች። የአሳ ቤቱ ባለቤት «ዝም ብለሽ ጥበሺ» ይላል። ደንበኛው ደግሞ ሐይቁ ዳር ያደገ ነው፣ በአሳ አይሸወድም።

ጾም ከሆነማ አለቀ! አሳ ጾም ነው የሚል አማችና አይደለም የምትል አማት አንድ ገበታ ቀርበዋል። እሷ «ልጄ፣ በዐቢይ ጾም?» ትላለች። እሱ የጎረሰውን መዋጥም መትፋትም ያቅተዋል። ሚስት መሀል ላይ ናት። ይሄ ምኑ ነው የተጋነነው? ባህር ዳር ስንት ቤት ያለ ነገር ነው።

ተዋናይ እንደሆነ እዚሁ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ የተፈተኑ ልጆች አሉ። ፕሮዲውሰሮች፣ እባካችሁ አንድ ሲዝን እንኳ እዚህ ሞክሩት።