አንቲክ ናት!

ጎማ ረግጦ ዋጋ የሚተምን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ማንም ሳይጠራው ይመጣል። መኪናዋን አንዴ ይዞራታል፣ የፊት ጎማዋን በጫማው ጫፍ ኳ ያደርጋል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ይፈርዳል። ፍርዱ ይግባኝ የለውም። ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ የገጠመን ሰውዬ የዚህ ማኅበር ነባር አባል መሆን አለበት። ወዳጄ ልቡ የጠፋላትን አንዲት የዛገች ፊያት 124 ስፓይደር «እስቲ እይልኝ» ብሎ ወስዶኝ፣ ገና ከሥሯ ልተኛ ካርቶን ሳነጥፍ፣ ሰውዬው ከጎረቤት ብቅ አለና ረገጣት።

«ሁለት ሚሊዮን ዓይኗን ሳታሽ ታወጣለች!»

ጎማው እኮ አየር ከተለየው ዘመን አልፎት መሬቱ ላይ እንደ ቂጣ ተነጥፏል። ምኑን ረግጦ ምን ሰማ?

እሱ ባይሰማም የመኪናዋ ባለቤት አዛውንቱ ጋሼ ሰምተዋል። ጠዋት ለወዳጄ በስልክ የነገሩት ዋጋ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነበር። አሁን ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አያችሁ ልጆቼ፣ አንቲክ ናት» አሉን። በከተማችን መኪና አርጅቶ አይሞትም፤ የሚሞትበት ቀን ሲደርስ አንቲክ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዶሮ ቢያድርበትም፣ ሣር በመስኮቱ ቢወጣም፣ ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያውቅም።

ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል ይላል የአገሬ ሰው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ሁሌ የሚገርመኝ መጀመሪያ አሞራ ሊበላ ያሰበው ሰው ነው። ምን ያህል ቢርበው ነው? ሚስቱስ ስትገነፍላት ምን አለች? ላባ ስትነጭ የሚያያት ጎረቤት አልነበረም? ያም ሆኖ ሰውዬውን አከብረዋለሁ፤ ስሟን የለወጠው ራሱ ሊበላት ነውና ዋሸ ቢባል የዋሸው ሆዱን ነው። የዘመናችን ባለ አሞራ ግን አንዲት ጉርሻ አይቀምስም። ጠብሶ፣ ሎሚ ጨምቆባት፣ በቃሪያ አሳምሮ ለእንግዳ ነው የሚያቀርባት። እንግዳው ደግሞ ወዳጄ ነው፤ ገና ሳይቀመጥ ምራቁን የሚውጥ ሰው።

አሞራን ጅግራ ለማድረግ ትልቁ ዘዴ ዘር መቁጠር ነው። በእኛ አገር ያረጀ መኪና የተራ ሰው ሆኖ አያውቅም። የአንድ ልዑል ነበር፤ የልዑል ካልሆነ የጄኔራል ነበር፤ የጄኔራል ካልሆነ አስመራ ቃኘው ጣቢያ፣ የአሜሪካኖቹ ጦር ሠፈር፣ የነበረ አሜሪካዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሎት የሄደ ነው። መካከለኛ ደረጃ የሒሳብ ሠራተኛ ገዝቶት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አመላልሶበት ያረጀ መኪና ከቶ የለም። የቮልሶቹን ነገርማ ተዉት። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ተጭነው መወሰዳቸው የታወቀ ነው። የወሰደቻቸው ቮልስ ደግሞ አንዲት ናት። እኔ ግን «ይቺ እኮ ያቺ ናት» እየተባልኩ የተዋወቅኋቸው ቮልሶች ቢሰለፉ፣ ከቤተ መንግሥቱ በር እሳቸው እስከተወሰዱበት እስከ አራተኛ ክፍለ ጦር ድረስ አስፋልቱን ይሞሉታል፤ ሰማያዊም አለች፣ ነጭም አለች፣ አንዷ እንዲያውም ብርቱካናማ ናት። ንጉሥ ከዙፋን ወርዶ የተጫነበት መኪና መሆን ለምን ዋጋ እንደሚጨምር የገባው ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

የእኛዋ ስፓይደር ደግሞ ዘሯ ከፌራሪ ይመዘዛል ተባለ። መቼም እውነት ለመናገር ፈጽሞ ውሸት አይደለም። ሞተሯን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ቀደም ሲል ፌራሪ ቤት ሞተር ይሠራ ነበር። ሰውነቷን ያበጃጀው ፒኒንፋሪናም የፌራሪዎች ልብስ ሰፊ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ አንድም ሳይስቱ ነገሩን። ያልነገሩን በእናቷ በኩል ያለውን ዘመድ ነው። ስፓይደሯ የተወለደችው ፊያት 124 ከሚባለው የቤተሰብ መኪና ነው፤ ሩሲያኖችም ያንኑ 124 ወስደው፣ እዚህም እዚያም አጠንክረው፣ ላዳ አደረጉት። እንግዲህ ስንት ዘመን ፒያሳ ጥግ ቆማ ተሳፋሪ ስትጠብቅ የኖረችው ሰማያዊ በነጭ ላዳ ታክሲ የአክስቷ ልጅ ናት ማለት ነው። ዘር ሲቆጠር ድሃው ዘመድ ይዘለላል። «በዓለም ላይ ጥቂት ናት» የሚሉትም ነገር አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ቱሪን ላይ ከታየች ጀምሮ እስከ 1985 ድረስ ተሠርታለች፤ 200 ሺህ ገደማ እህቶች አሏት፤ አብዛኞቹም አሜሪካ ነው የተዳሩት።

በዚህ መሐል የጋሼ የልጅ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ይሄኔ ነው ነገር የሚበላሸው። ያረጀ መኪና ያለበት ግቢ ሁሉ ስልክ የያዘ የልጅ ልጅ አያጣም። በፈረንጆቹ 2023 አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተቃጥላ የተጨማደደች የ1954 ፌራሪ፣ መኪና ነበረች ቢባል የማይታመን የብረት ክምር፣ በጨረታ 1.875 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ልጁ ፎቶዋን ያሳየናል፣ ከዚያ በአገጩ ወደ ስፓይደሯ ይጠቁማል፤ «የእኛዋ እኮ አልተቃጠለችም!» በፈረንጆቹ 2015 ደግሞ ፓሪስ ላይ፣ ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ ጎተራ መሳይ ቤት የድሮ መጽሔት ተቆልሎባት የተገኘች፣ የፊልም ተዋናዩ የአላን ደሎን የነበረች ፌራሪ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥታለች። ስፓይደሯ ላይስ የተቆለለው ምንድን ነው? ማዳበሪያ፣ የተሰበረ ምጣድ፣ የገና ዛፍ። ለወዳጄ ይህ በቂ ምስክር መሰለው።

ልጄ፣ ተቃጥላ የተሸጠችው ፌራሪ የተሸጠው ብረቷ አይደለም። የተሸጠው የሻንሲ ቁጥሯ ነው፤ ከዚያ ቁጥር ጋር አብሮ የመጣው የእሽቅድምድም ታሪኳ ነው፤ እንደሷ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። ቁጥሩ ካለ የቀረው በገንዘብ ይቀጠላል። እስቲ እንግዲህ የእኛዋን ቁጥር ከሊብሬዋ ጋር እናመሳክር ብዬ ሊብሬዋን ብጠይቅ፣ ጋሼ ወደ ቤቱ አየት አድርገው «አለ፣ የሆነ ቦታ አለ» አሉ። ስም የማይዛወርላት አንቲክ ምን ትሠራለች? ግቢ ቀይራ ዶሮ ታሳድራለች።

ጎማውን ትተን ሥሯ እንተኛ። ዝገት ሁሉ ዝገት አይደለም። ኮፈኗ ላይ ያለው ቡናማ ነገር ዓይን ያስደነግጣል እንጂ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ይለቃል፤ በእሱ ዋጋ የሚቀንስም የሚጨምርም ሥራ ፈት ነው። የሚያስፈራው ዓይን የማያገኘው ነው። ስፓይደር ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ሸራው ሲቀደድ የክረምቱ ውሃ ምንጣፏ ሥር ይገባና እስከ መስከረም ይተኛል። ወለሏ የሚበሰብሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ደግሞ የብረት ጣሪያ ስለሌላት ቀጥ ብላ የምትቆመው በሮቿ ሥር በሚያልፉት ሁለት ብረቶች ጉልበት ነው። እነሱ ከተበሉ መሐሏ ላይ ትጎብጣለች። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በሩን ከፍቶ መዝጋት፣ ከጎን በክሪክ ማንሳት፣ ከዚያ በሩን እንደገና መሞከር። በሩ ከተቀረቀረ፣ ወይም በበሩና በአካሏ መካከል ያለው ክፍተት ከጠበበ፣ ክሪኩን ቀስ አድርጎ አውርዶ ቡናን አመስግኖ መሄድ ነው። ሌላው የታወቀ ሕመሟ ፊት ለፊት ነው፤ ሾክ አብዞርበሮቿ ከላይ የሚታሰሩበት ቦታ። እዚያ ላይ ብረቱ ከሳሳ ብየዳው የልጅ ሥራ አይደለም። ደግሞ ዓመታት ከቦታዋ ንቅንቅ ያላለች መኪና ከላይ አቧራ ለብሳ፣ ከሥሯ ብቻ ትናንት የተቀባ ጥቁር ቀለም ካላት፣ ያ ቀለም ለውበት አይደለም።

ማግኔቴን በጨርቅ ጠቅልዬ በጎኗ ላይ ሳስኬደው እስከ በሯ ድረስ ጥሩ ተጣበቀ። ከኋላ ጎማዋ በላይ ስደርስ እግሬ ሥር ወደቀ።

«ብረት አይደለም፣ ስቱኮ ነው» አልኩ።

«ከፋብሪካው ነው» አሉ ጋሼ።

ጎማ ረጋጩ ማግኔቱን ከመሬት አነሳ፣ አገላብጦ አየው፣ «ያረጀው ይሄ ነው» አለና መለሰልኝ። ካቻቢቴ አውጥቼ የሾፌሩን ወንበር ሥር ወጋ ባደርገው እስከ እጀታው ገባ። ይሄኔ ጋሼ እንደ መደንገጥ ብለው «ኧረ ቀስ! አንቲክ እኮ ናት!»

ስለ ተማኞች ከተነሳ አይቀር ግን፣ የሚስቴን ዘመድ ሳላነሳ ባልፍ ሆዴ አይችልም። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ «በስንት ገዛኸው?» ይላል፤ ስትነግረው «ተበላህ!» ይላል። ሶፋ ገዝተን ተበላን። በግ ገዝተን ተበላን፤ እሱ ራሱ ግን ከበጉ በላ። ለልጃችን ጫማ ገዝተን ተበላን። ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ አሳልፌዋለሁ። አባቴ ያረፉ ቀን ግን፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው እያለቀሰ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ጥቂት ዝም አለና «ሳጥኑን በስንት ገዛችሁት?» አለኝ። እኔም ሐዘንተኛ ነኝ፣ ልቤ አብሮኝ የለም፣ ነገርኩት። «ተበላችሁ» አለ። «እኔን ብትጠሩኝ በግማሽ...» ምን አስቦ ነው? ሬሳውን ይዘን ወደ መርካቶ እንድንመለስ? ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በየሠርጉ ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላለመቀመጥ ዘወር እያልኩ ነው። ምሕረት ታላቅ ነገር ነው ይባላል፤ የሳጥን ዋጋ የጠየቀን ሰው ይጨምራል ብሎ የጻፈ አባት ካለ ግን አላነበብኩትም።

ጎማ ረጋጩና የሚስቴ ዘመድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ሻጭን ያሳብዳል፣ ሌላው ገዢን። ሁለቱም አምስት ሣንቲም አያወጡም፤ ሁለቱም እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ዋጋዋ። ሒሳቡ ለልጅም አይከብድም። እንዲህ ያለች ስፓይደር ተጠግና፣ ተቀብታ፣ ቦሎ ተለጥፎባት፣ ሞተሯ ሲነሳ ስንት ታወጣለች? ከዚያ ላይ የብየዳው፣ የቀለሙ፣ የወንበሩ፣ የሞተሩ ወጪ ይቀነስ። ሶማሌ ተራ የማይገኘው ዕቃ በዘመድ ሻንጣ ከዋሽንግተን ሲመጣ ዶላር ነው የሚጠይቀው፤ ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ዶላሩን ማሰብም ራስ ምታት ነው። (የአክስቴ ልጅ «የፊት መስታወቱን በሻንጣ አምጪልኝ» ስላት ዝም ብላ ስልኩን ዘጋች። 23 ኪሎው የልጆቿ ልብስ ነው፣ አልፈርድባትም።) ተቀንሶ የቀረው ዋጋዋ ነው። ሥሯ ለተበላ መኪና የሚቀረው ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች ነው፤ ስለዚህ የምትገዛው እንደ መኪና ሳይሆን እንደ ዕቃ ነው፤ ሞተሯ ይህን ያህል፣ ካምቢዮዋ ይህን ያህል፣ ፓራውልቷ፣ ቸርኬዋ። ደምሬ ለወዳጄ በጆሮው ነገርኩት። ከተጠየቀው ሩቡን አይሞላም ነበር። «የቤንዚን መኪና ከእንግዲህ አይገባም እኮ» አለኝ። እሱስ እውነት ነው፤ መንግሥት ከልክሏል። ግን ያለው ቤንዚን መኪና ይወደዳል ማለት ወለል የሌለው መኪና ይወደዳል ማለት ነው?

ወዳጄ አፍሮ፣ ተሽኮርምሞ፣ ዋጋዬን ለጋሼ አቀረበ። ጋሼ አልተቆጡም። በእርጋታ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉና ሁሉም ሻጭ የሚናገረውን ተናገሩ፤ «ትናንት አንድ ሰው መጥቶ የዚህን እጥፍ ብሎኝ አልሰጠሁትም።»

ይህን ትናንት የሚመጣ ሰው እኔ ዕድሜ ልኬን ስፈልገው ኖሬያለሁ። ቤት ልከራይ ስሄድ ትናንት መጥቶ ከእኔ በላይ ብሏል። በግ ልገዛ ስሄድ ትናንት መጥቷል። ሁሌም እጥፍ ይላል፣ ሁሌም ይከለከላል፣ ሁሌም ሳይገዛ ይሄዳል፤ ዛሬ መጥቶ ግን አያውቅም። ጋሼን ስልኩን ለመንኳቸው፤ «የሆነ ቦታ አለ» አሉኝ፣ ከሊብሬው ጋር መሆን አለበት። ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ካለ እባካችሁ አገናኙኝ፤ የማይቀዘቅዝ ፍሪጅ አለኝ፣ ለእሱ በግማሽ እሸጥለታለሁ።