ሰላምታው ለምን ረዘመ?

ባለፈው ሰኞ ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ሰው ከባጃጅ ዘሎ ወርዶ አቀፈኝ። አቀፈኝ ስል እንደዋዛ አይደለም፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ደጋግሞ፣ ጀርባዬን እየደበደበ። "አንተ! አለህ እንዴ?" "አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ!" መልኩን አውቀዋለሁ። የጥርሱን ፍንጭት አውቀዋለሁ። ሆጤ ሜዳ ላይ ኳስ ስንጫወት ጎል ሲስት እንኳ ትዝ ይለኛል። ስሙ ግን ወላሂ የለም።

ወሎዬ መሆን የሚጠቅመው ይሄኔ ነው። ሌላ ቦታ "ሰላም" ብለህ ወዲያው ትጋለጣለህ። እኛ ጋ ሰላምታው ራሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ደህና ነህ? ቤት ደህና? ልጆች ደህና? እናት አለች? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል? በአፌ ይህን እየጠየቅኩ በሆዴ ስም ፍለጋ ላይ ነኝ፤ ሰይድ? አህመድ? እንድሪስ? ደሴ ላይ "ሰይድ" ብሎ መገመት ከሎተሪ ይሻላል፣ ግን ብስትስ? አያቶቻችን ሰላምታውን ያስረዘሙት ለፍቅር ብቻ ነው የሚለኝን ከእንግዲህ አላምነውም።

50 ደፍኛለሁ። ያቺ 1.4 ኪሎ ገደማ የምትመዝን አንጎል ከ40 በኋላ በየ10 ዓመቱ 5 በመቶ ያህል ትቀንሳለች ይባላል። ይበልጥ የሚጎዳው የግንባሩ ክፍልና አዲስ ነገር የሚመዘግበው፣ ሂፖካምፐስ የሚሉት ነው። ሴሎቹ ግን ድሮ እንደሚባለው እንደ ቅጠል አይረግፉም፤ ከ86 ቢሊዮኑ አብዛኛው ቦታው ላይ ነው። የሚላላው መገናኛቸው ነው። መዝገብ ቤት በለው፤ ፋይልህ አለ፣ ነገ ተመለስ።

ስም ደግሞ የባሰበት ነው፣ ምክንያቱም ስም ስለ ሰውዬው ምንም አይነግርህም። ልብስ ሰፊ መሆኑን ካወቅክ መኪናው፣ መቀሱ፣ ለበዓል ሳይደርስልህ የቀረው ሱሪ ሁሉ ተከታትለው ይመጡልሃል። አህመድ መሆኑን ግን ምን ያስታውስሃል? (ቁልፍ የት እንዳስቀመጥክ ብትረሳ ዕድሜ ነው፣ አብሽር። ቁልፍ ለምን እንደሚያገለግል ከረሳህ ግን ሐኪም ዘንድ ሂድ።)

ሰላምታው አለቀና "ስልክ እንለዋወጥ" አለኝ። ደነገጥኩ። ስልኬን ሰጠሁትና "ራስህ መዝግበው" አልኩት፤ ተንኮሌ ስሙንም እንዲጽፍልኝ ነው። ቁጥሩን ብቻ ጽፎ መለሰልኝ። ከዚያ የራሱን ዘረጋልኝ። "አንተም ራስህ መዝግበው።" ሳቁ ላይ የሆነ ነገር አየሁ። ለካ እሱም! እልህ ያዘኝና እኔም ቁጥሬን ብቻ ጻፍኩ።

ቤት ገብቼ ቡና ላይ ለእማ ነገርኳት። 80 አልፏታል።

"ፍንጭት ነው? እናቱ ሰኞ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ?"

"እሱ ነው!"

"የይመር ልጅ ነዋ! ይመር እኮ ከወረኢሉ ሲመጣ አንድ በቅሎ ብቻ ነበረችው..." ብላ ጀመረች። የበቅሎዋን ቀለም፣ የሠርጉን ድንኳን፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ሁሉንም። ሰው በጉርምስናና በወጣትነቱ ያየው ነገር ከሌላው ዘመን ይበልጥ ይጸናል ይባላል፤ እማ ጋ ተጽፎ ማኅተም የተመታበት ነው። የቃላቷ ነገርማ አይነሳ። አንጎል ፍጥነቱ ቢቀንስም የቃል ሀብቱ እስከ ስልሳዎቹና ከዚያም በላይ አይነጥፍም። እማ ስትሰድበኝ ትርጉም የምጠይቅበት ጊዜ አለ።

በዚያው ቡና ላይ ግን አቦል ላይ "ምሳ በላህ?" አለችኝ። በላሁ አልኳት። ቶና ላይ ጠየቀችኝ። በረካ ላይ ስትጠይቀኝ እኔም መብላቴን ተጠራጠርኩ።

"እሺ እማ፣ የልጁ ስም ማን ነው?"

"ሰይድ... አይ፣ ሙሄ... ኧረ ዘሀራ..." አምስት ልጆቿን ጠርታ ጨረሰችና ድመቷ ላይ ደረሰች። ቤተሰቡን ሁሉ አንድ መሳቢያ ውስጥ ከትታን ነው መሰል፣ አንዱን ስትስብ ሌላው ይመጣል። በመጨረሻ "ምን ታደርቀኛለህ፣ የይመር ልጅ አልኩህ አይደል!" ብላ ተቆጣች።

እንደዚያው ብዬ መዘገብኩት። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የይመር ልጅ።

"አቤት፣ ወንድምዓለም!"

"ወንድምዓለም!" አለኝ እሱም፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ። "እንዴት አመሸህ? ቤት ደህና? ልጆች ደህና? እናት ደህና? ዝናቡስ?"