ሞተር ጠፋ ማለት አውሮፕላን ወደቀ ማለት አይደለም

«አየር ላይ ሞተር ከጠፋ አለቀ፣ ቀጥታ ቁልቁል ነው» ላልከው ትንሽ እርማት። አውሮፕላኑን አየር ላይ የሚይዘው ክንፉ ነው። ሞተሩ ወደፊት ይገፋዋል። ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች አውሮፕላን ደግሞ በአንዱ ብቻ በርሮ እንዲያርፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ሁለቱም ቢጠፉስ? በ2001 እ.ኤ.አ. አንድ ኤርባስ ኤ330 አትላንቲክ ላይ ነዳጅ አልቆበት ሁለቱም ጠፉበት። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ ሞተር እየተንሳፈፈ አዞረስ ደሴቶች ላይ አረፈ። ውስጡ የነበሩት 306 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። (አስተራረፉ ለስላሳ ነበር አልልህም።)

በጉዞህ ቀን ደግሞ ከተነሣችሁ ትንሽ ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ቀነስ ሲል እንዳትደነግጥ። አብራሪው ሆን ብሎ ኃይል ቀንሶ ነው፣ በየበረራው ያለ ነገር ነው።